ዘውዱ በቤተ ልሔም፦ እቴጌ መነን በስደት ዘመን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከአገሩ ርቆ የሚኖር ምእመን ሁሉ የሚያውቀው ጭንቀት አለ፤ ይኸውም በሩቅ ያለ ወገን እንዴት ውሎ እንዳደረ አለማወቅ ነው። ይህን ጭንቀት ከሁሉም ጋር የተካፈሉ አንዲት ንግሥት ነበሩ። በደብራችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ መጽሐፍ የእቴጌ መነን አስፋውን ሕይወት የምናነሣው ስለ ንግሥናቸው ክብር ብቻ አይደለም፤ ስለ ስደታቸውና በስደት ስለ ያዙት እምነት ጭምር እንጂ።

እቴጌ መነን ከአባታቸው ከጃንጥራር አስፋውና የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ከሆኑት ከእናታቸው ከወይዘሮ ስኂን በወሎ ተወለዱ። በ1903 ዓ.ም. ከደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ጋር ተጋብተው ስድስት ልጆች ወለዱ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ባለቤታቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ እርሳቸውም ዘውድ ጫኑ። ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ በእንጦጦ የኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን፣ በዮርዳኖስ ወንዝ ዳርም የቅድስት ሥላሴን ገዳም አሠሩ። ከስደቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ ልጃቸው ልዕልት ዘነበ ወርቅ በትዳር ትኖርበት በነበረው በትግራይ ዐርፋ፣ የሩቅ መርዶ ምን እንደሆነ አስቀድመው ቀምሰው ነበር።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. የንጉሡ ቤተ ሰብ በባቡር ከአዲስ አበባ ወጣ። በጅቡቲ በኩል አድርገው ኢየሩሳሌም ደረሱ። ኋላም በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ መኖሪያ ተገኘላቸው፤ በዚያም ቤት የጸሎት ቦታ ተዘጋጀ። የአገሩ ብርድና እርጥበት ግን ለጤናቸው ስላልተስማማ እቴጌይቱ እንደገና ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው ተቀመጡ። በቅዱሳን መካናት እየተመላለሱ ስለ አገራቸው ይለምኑ ነበር።

ልባቸው በብዙ ቦታ ተከፍሎ ነበር። የታላቂቱ ልጃቸው የልዕልት ተናኘ ወርቅ ባለቤት ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ኢትዮጵያ ጠላትን ሲዋጉ፣ ልዕልቲቱ ከልጆቻቸው ጋር በስደት ነበሩ። የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ራስ ደስታ በጠላት እጅ ተገደሉ። ስድስት የልጅ ልጆች አባታቸውን አጡ፤ አያቲቱም ከልጃቸው ጋር በሰው አገር ለቅሶ ተቀመጡ። የንጉሡ ልጅ ልዕልት ሮማን ወርቅም ከልጆቻቸው ጋር ተማርከው ወደ ጣልያን አገር ተወሰዱ፤ ነጻነትንም ሳያዩ በዚያው ዐረፉ።

በዚያ ዘመን እቴጌይቱ በቤተ ልሔም፣ ጌታችን በተወለደበት ቦታ በተሠራው ቤተ ክርስቲያን፣ ለእመቤታችን ስእለት ተሳሉ። አገሬ ነጻ ብትወጣ የነገሥኩበትን ዘውድ ለዚህ ቤት እሰጣለሁ ብለው ቃል ገቡ። የተሳሉበትን ስፍራ ልብ እንበል። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችው ከዚያች ከተማ ነው። የስደተኛ እናት ልመናዋን ስደትን ወደምታውቅ እናት አደረሰች።

በ1932 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ወደ ሱዳን ተጓዙ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻገሩ። እቴጌይቱ ባላቸውንና ልጆቻቸውን ወደ ጦር ሜዳ ሸኝተው እንደገና በሩቅ ሆነው መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሡ አዲስ አበባ ገቡ፤ ስደቱም አበቃ።

እዚህ ላይ የእቴጌይቱ እምነት በግልጥ ይታያል። አገር ነጻ ወጥታለች፤ የተወደዱት ሁሉ ግን አልተመለሱም። ራስ ደስታ የሉም፤ ልዕልት ሮማን ወርቅ የለችም። እግዚአብሔር ግማሹን ሰጠኝ፣ ግማሹን ነሣኝ ብለው ስእለታቸውን አላጎደሉም። የነገሡበትን ዘውድ ወደ ቤተ ልሔም ላኩ። ለአገር ቤት ምሳሌው ተሠርቶ ቀረ።

ከዚያ በኋላም ኀዘን አልተለያቸውም። በ1934 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ በነቀምቴ፣ በ1949 ዓ.ም. ደግሞ ልዑል መኰንን ዐረፉ። እርሳቸው ግን አብያተ ክርስቲያናትን መርዳት አልተዉም፤ ለአክሱም ጽዮን አዲስ ቤተ ክርስቲያን ከራሳቸው ገንዘብ ሰጡ፤ ሲመረቅ ግን ለማየት አልታደሉም። የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐርፈው በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከመካከላችን ሌሊት ስልክ ሲጮኽ ልቡ የማይደነግጥ ማን አለ? የእናቱን ሕመም በስልክ የሰማ፣ የወንድሙ ድምፅ የጠፋበት፣ የአባቱን ቀብር ያልደረሰ ብዙ ነው። የእቴጌ መነን ሕይወት የለመንነው ሁሉ እንደ ፈቀድነው ይሆናል ብሎ አያስተምረንም። የሚያስተምረን እጃችን የማይደርስባቸውን ወገኖቻችንን እጁ ለሚደርስ አምላክ አደራ መስጠትን፣ መልሱም ከኀዘን ጋር ሲመጣ ቃላችንን አለማጠፍን ነው። በዚህች ደብር ለሩቅ ወገን የምናበራው ጧፍ ሁሉ ይህ አደራ ነው።

የእቴጌ መነንን ነፍስ ይማርልን፤ በሩቅ ያሉትን ወገኖቻችንን ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።