የፊት እድፍ የሚታይበት መስተዋት፤ የማርቲን ሉተር ሕይወት

አንባቢ ሆይ፥ የእግዚአብሔር ሕግ ለሰው ስለ ምን እንደ ተሰጠ አስበህ ታውቃለህን? አንዳንዶች ሕግን እንደ መሰላል ቈጥረው በገዛ ኀይላቸው ወደ ሰማይ ሊወጡበት ይደክማሉ። ሌሎች ደግሞ ጸጋ ከተገለጠ ወዲያ ሕግ ምን ያደርግልናል ይላሉ። የጀርመኑ መምህር ማርቲን ሉተር በፊተኛው ስሕተት ተጨንቆአል፤ ከኋለኛውም ጋር ታግሎአል፤ ስለዚህ ታሪኩን በማስተዋል አንብብ።

ሉተር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1483 ዓ. ም. አይስሌበን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐንስ በመዳብ ማዕድን ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበረ፤ ልጁም የሕግ ዐዋቂ እንዲሆንለት ተመኝቶ በኤርፉርት ከተማ አስተማረው። ነገር ግን በ1505 ዓ. ም. ሉተር በመንገድ ሲሄድ መብረቅ ካጠገቡ ወደቀ፤ በሞት ፍርሃት ተይዞም ሊመነኵስ ተሳለ፥ ብዙም ሳይቈይ ወደ ገዳም ገባ።

በገዳሙም እጅግ ተጋ። ጾመ፥ ሌሊቱን በጸሎት ነቃ፥ በብርድ ሥጋውን ጐሰመ፥ ብዙ ሰዓትም ተቀምጦ ኀጢአቱን ይናዘዝ ነበር። ተናዝዞ ከወጣ በኋላ ግን የረሳው ኀጢአት ትዝ ስለሚለው ዕረፍት አላገኘም። ሕጉ ሰው አምላኩን በሙሉ ልቡ እንዲወድ ያዝዛል፤ እርሱ ግን ልቡን በመረመረ ጊዜ ፍርሃት እንጂ ፍቅር አላገኘበትም። ወዳጄ ሆይ፥ ልብ በል፤ እጅን ከስርቆት መከልከል ይቻል ይሆናል፤ ልብን ግን እንዲወድ የሚያስገድደው ማን ነው? የማኅበሩ አለቃ ስታውፒትዝ ዐይኑን ከራሱ አንሥቶ ወደ ክርስቶስ ቍስል እንዲያይ መከረው።

በ1512 ዓ. ም. በዊተንበርግ የመጻሕፍት መምህር ሆነ። መዝሙረ ዳዊትንና የሮሜን መልእክት ሲያስተምር ሳለ፥ የእግዚአብሔር ጽድቅ ኀጢአተኛ የሚቀጣበት ብቻ ሳይሆን፥ ለሚያምን ሰው ስለ ክርስቶስ በነጻ የሚሰጥ መሆኑን አስተዋለ። ያን ጊዜ ሕጉ ለምን እንዳስጨነቀው ገባው። መስተዋት የፊትን እድፍ ያሳያል እንጂ አያጥብም፤ እድፉን ያላየ ግን ውሃ አይፈልግም። እንግዲህ ሕግ ራሱ የጸጋ መልእክተኛ ነው፤ ሐኪም ለሕመምተኛው ደዌውን የሚገልጥለት ሊያድነው ወድዶ ነውና። ስለዚህ ሉተር በ1517 ዓ. ም. የኀጢአትን ቅጣት ያስቀራል ተብሎ በገንዘብ የሚሰጠውን ደብዳቤ በመቃወም 95 አንቀጽ ጻፈ፤ በ1521 ዓ. ም. በቮርምስ ጉባኤ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቃሉን አልለወጠም።

ነገር ግን በ1528 ዓ. ም. የሳክሶኒያን አጥቢያዎች በጐበኘ ጊዜ ሕዝቡ ዐሥሩን ትእዛዛት ሳያውቅ ነጻነትን ለስንፍና ሲያደርገው አይቶ አዘነ። በሚከተለው ዓመት ባሳተመው በትንሹ የክርስትና ትምህርት መጽሐፍ አስቀድሞ ትእዛዛትን፥ ቀጥሎ የሃይማኖትን ቃል፥ ከዚያም አባታችን ሆይን አኖረ፤ ሕመምተኛ ደዌውን፥ መድኃኒቱን፥ መድኃኒቱንም የሚለምንበትን በተራ ማወቅ ይገባዋልና። ወዳጁ ዮሐንስ አግሪኮላ ሕግ ለዳኞች አደባባይ እንጂ ለስብከት አይገባም ብሎ ባስተማረ ጊዜም፥ ሉተር ስለ ወዳጅነት ዝም አላለም፤ ከ1537 ዓ. ም. ጀምሮ በጉባኤ ተከራከረው። ኀጢአቱን ያላወቀ ሰው ክርስቶስ ስለ ምን እንደ ሞተ እንዴት ያስተውላል?

ደግሞም እውነቱን አንሰውር፤ መስተዋቱ ሉተርንም አይምርም። በ1543 ዓ. ም. በአይሁድ ላይ የጻፈው፥ ምኵራቦቻቸው እንዲቃጠሉ የሚመክረው የጥላቻ መጽሐፍ፥ ባልንጀራን መውደድ በሚያዝዘው ሕግ ይፈረድበታል። መምህርም ቢሆን ያለ ጸጋ የሚቆም የለም። እርሱም በ1546 ዓ. ም. በተወለደባት ከተማ ከመሞቱ አስቀድሞ በጻፈው በመጨረሻው ወረቀት፥ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት ለማኝ መሆኑን መሰከረ።

አንተስ፥ አንባቢ ሆይ? ነጋዴ ብትሆን በሚዛንህ ፊት፥ ተማሪ ብትሆን በጓደኛህ ላይ በምትናገረው ቃል ፊት ትእዛዛቱን አንብብ። የሌላውን ሰው እድፍ አትፈልግ፤ የራስህን እይ። ባየኸውም ጊዜ መስተዋቱን አትስበር፥ ፊትህንም አትሸፍን፤ ወደሚያጥብህ ጌታ ሂድ። ታጥበህም ስትመለስ ያንኑ ሕግ ከፍርሃት የተነሣ ሳይሆን በምስጋና ጠብቅ።