ፍራንዝ ሽታይንዳክነርና ጆሮ የሌለው እንሽላሊት

የተፈጥሮ ተመራማሪው ፍራንዝ ሽታይንዳክነር በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና፥ በኖቬምበር 11 ቀን 1834 ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያ የተማረው ሕግ ነበር፤ ዳሩ ግን ኤድዋርድ ዙስ የተባለው የታወቀ የሥነ ምድር ሊቅ ወደ ተፈጥሮ ጥናት እንዲያዘነብል ስለ መከረው፥ ወደ ድንጋይነት የተለወጡ የጥንት ዓሦችን መመርመር ጀመረ። በ1860 በቪየና የንጉሠ ነገሥቱ የተፈጥሮ ስብስብ ውስጥ የዓሦቹን ክፍል ተረከበ። ሉዊ አጋሲ የተባለው ሊቅ ወደ አሜሪካ ጠርቶት፥ በ1871 እና በ1872 ሃስለር በምትባል መርከብ በደቡብ አሜሪካ ባሕሮች ተጓዘ። በ1874 ወደ አገሩ ተመለሰ።

የዚህ ሰው ዋና ሥራ ዓሣ ነው፤ ስለ ዓሣ ብቻ ከ200 የሚበልጡ ጽሑፎች አሳትሟል። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን በ1878 ስለ አንድ እንሽላሊት የጻፈው ነው።

እንስሳው የመጣው ከቦርኔዮ ደሴት ነበር። በእጁ የነበረው አንድ ብቻ፥ እሱም የሞተ ነው። እንግዲህ ጓደኞቼ፥ እንዴት እንደሚሄድ፥ ምን እንደሚበላ ሳያይ ምን ሊል ይችላል? ሽታይንዳክነር ግን አካሉን በትዕግሥት ተመለከተ። ርዝመቱ ከነጅራቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ገላው ድብልብልና ረጅም፥ እግሮቹ አጫጭር፥ ዓይኖቹ ትንንሽ ናቸው። የታችኛው የዓይን ቆቡ እንደ መስኮት ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። በጀርባው ላይ ጎላ ጎላ ያሉ ቅርፊቶች ከራስ እስከ ጅራት ተሰልፈዋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በብዙ እንሽላሊቶች ራስ ጎን የሚታየው የጆሮ ቀዳዳ በዚህኛው ላይ ጨርሶ አለመታየቱ ነው። ስለዚህ ላንታኖቱስ አለው፤ በግሪክ ቋንቋ የተሰወረ ጆሮ ማለት ነው። ይህም ብቻ አልበቃውም፤ ከሚታወቁት ቤተሰቦች ከአንዱም ስላልገጠመለት፥ ለብቻው አዲስ ቤተሰብ አቆመለት። በአንድ እንስሳ ብቻ ቤተሰብ ማቆም ድፍረት ይጠይቃል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሎንዶን የብሪታንያ ቤተ መዘክር ይሠራ የነበረው ዦርዥ ቡላንዤ ይህን ቤተሰብ ሰረዘው። እንስሳውንም በሜክሲኮና በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ከሚኖሩት፥ ሄሎደርማ ከሚባሉት መርዛማ እንሽላሊቶች ጋር ደመረው። የቡላንዤ ስሕተት የስንፍና አይመስለኝም፤ የሁለቱ ቆዳ በእርግጥ ይመሳሰላል። ቡላንዤ በዘመኑ ስለ እንሽላሊት ከሚጠየቁት ሊቃውንት ዋነኛው ስለ ነበር፥ ፍርዱ ለብዙ ጊዜ ጸና።

ሽታይንዳክነር በበኩሉ ሥራውን ቀጠለ። በ1890ዎቹ ፖላ በምትባል መርከብ ቀይ ባሕርን መረመረ፤ በ1898 የቪየና የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር የበላይ ኃላፊ ሆነ። ያገለገለው መንግሥት በ1918 ፈረሰ፤ እሱም በዲሴምበር 10 ቀን 1919 በ85 ዓመቱ በቪየና ዐረፈ።

ከሞተ 35 ዓመት ሲሆነው፥ በ1954፥ ማክዳውልና ቦገርት የተባሉ አሜሪካውያን የእንስሳውን የራስ ቅልና አጥንት ከሌሎች ጋር አስተያይተው፥ ከሄሎደርማ ጋር ያለው መመሳሰል የቅርብ ዝምድና አለመሆኑን አሳዩ። ሽታይንዳክነር ያቆመውም ቤተሰብ ተመለሰ። ኋላም የዘር ምርመራ ሲደረግ፥ በሕይወት ካሉት ሁሉ የቅርብ ዘመዱ በእኛ ወንዞች ዳር የምናውቀው አርጃኖ የሚገኝበት ወገን ሆኖ ተገኘ።

በ1961 በቦርኔዮ፥ በሳራዋክ፥ ኒያህ በሚባል ስፍራ አንዱ በሕይወት ተገኘ። ቀን ተሸሽጎ ሌሊት የሚወጣ፥ በወንዝ ዳር የሚኖርና ዋና የሚያውቅ እንስሳ መሆኑም ታወቀ። ብርቅ መሆኑ ግን ጉዳት አመጣበት፤ እንስሳት ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብ ስለሚፈልጉት በስውር ከአገሩ ይወጣ ጀመር። በዚህ ምክንያት መንግሥታት በ2016 ተስማምተው፥ ከዱር የተያዘውን ለንግድ ወደ ውጭ መላክ ከለከሉ።