ልጅ ኢያሱ፦ ሐሜት ከዙፋን ያወረደው ወጣት

ታሪኩን ከጋምቤላ ብንጀምረውስ? አጼ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተሰጠ። ውሉ ኢታንግ አካባቢ ይላል፣ ጣቢያው የተተከለው ግን ጋምቤላ ላይ ነው። ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ከላይ፣ ጎሬ ተቀምጠው ኢሉባቦርን የሚገዙት ደግሞ ራስ ተሰማ ናደው ናቸው። እኚህን ሰው ያዙልኝ።

ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ፣ በግንቦት 1901 የልጅ ልጃቸው ኢያሱ ወራሽ ተብሎ ታወጀ። ገና ታዳጊ ስለነበር እንደራሴ የሆኑለት እነዚሁ የጎሬው ራስ ተሰማ ናቸው። እናቱ ሸዋረጋ ምኒልክ፣ አባቱ የወሎው ራስ ሚካኤል። ራስ ሚካኤል በአጼ ዮሐንስ ዘመን ክርስትና ከመነሳታቸው በፊት መሐመድ አሊ ነበር ስማቸው። ይሄ ነገር ኋላ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ተሰማ በ1903 ሞቱ፤ ልጁም በራሱ መግዛት ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ሰነፍ አልነበረም። ከሳሽና ተከሳሽ ክሱ እስኪያልቅ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበትን ቁራኛ ለማስቀረት ሞክሯል። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየዞረ ሌባ የሚጠቁምበትን ሌባ ሻይም እንዲሁ። የመንግሥት ንብረት እንዲቆጠርና እንዲመረመር አድርጓል። ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይሄኛው ከሁሉም ይጥማል፣ ንብረቱን የማያውቅ መንግሥት ምን ብሎ በጀት ይይዛል?

ችግሩ ቤተ መንግሥት አይቀመጥም። ወራት ሙሉ አፋር፣ ሐረርና ጅጅጋ ይዞራል፤ ሙስሊም ባላባቶችን ያቀርባል፣ ከቤታቸው ያገባል። ዕድሜው ለጋ፣ ሥልጣኑ ሙሉ፣ ምክር የማይሰማ። የሸዋ መኳንንት በየግብሩ የሚያወሩት ከማን ጋር እንዳደረ፣ የማንን ሥጋ እንደበላ፣ ምን እንደለበሰ ሆነ። ሰለመ ተባለ። በሙስሊም ልብስ የተነሳው ፎቶ ተብሎም ተዞረ፤ ያኔም ዛሬም የተቀናበረ ነው የሚሉት ብዙ ናቸው። በስልካችን ከምናየው የተለየ አይደለም፣ ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በ1904 ኢያሱ ከፋን አልፎ ጊሚራ፣ ዛሬ ቤንች ሸኮ በምንለውና ከጋምቤላ በሚዋሰነው አካባቢ ዘመተ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በባርነት ተነዱ፣ ብዙዎቹም መንገድ ላይ አለቁ። ዙፋኑን ያናወጠው ግን ይሄ አልነበረም። ያኔ ባሪያ የሌለው መኳንንት ስለማይገኝ፣ በዚህ ማን ማንን ይከሳል?

ከሐሜቱ በስተጀርባ ደግሞ ጥቅም ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ተፋፍሟል፣ ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን ያዘነበለ መስሏል። ሱዳን፣ ኤርትራና ሶማሊያ ላይ የተቀመጡት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ይሄ አስፈራቸው፤ በመስከረም 1909 መጀመሪያ ላይ ሦስቱ ኤምባሲዎች አንድ ላይ አቤቱታ ጻፉ። በዚያ ላይ ኢያሱ ነሐሴ ላይ ተፈሪ መኮንንን ከሐረር ግዛት ነቅሎ ከፋ ሂድ ብሎታል። ሰው ያባቱን አገር ሲቀማ ዝም ይላል እንዴ?

መስከረም 17 ቀን 1909፣ የመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ ቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። ሃይማኖቱን ክዷል የሚለው ክስ ተነበበ። ምኒልክ ወራሹን የሚከዳውን ረግመው ነበርና ብዙዎች ፈሩ፤ አቡነ ማቴዎስ ከመሐላው ሲፈቷቸው ነገሩ አለቀ። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ነገሠች፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆነ። ኢያሱ ያን ቀን ሐረር ነበር። ዘውድ ሳይደፋ ነው የተሻረው።

አባቱ፣ አሁን ንጉሥ ሚካኤል፣ ጦር ይዘው መጡና ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። ልጁ አፋር በረሃ ገባ፤ በ1913 ትግራይ ውስጥ ተያዘና ፍቼ ታሰረ። በ1924 በቀድሞ አማቱ በራስ ኃይሉ እርዳታ አምልጦ ነበር፣ ብዙ ሳይቆይ ተያዘ። ራስ ኃይሉ በዚሁ ጎጃምን አጡ፣ እሱ ሐረርጌ ጋራ ሙለታ ተወሰደ። የጣሊያን ጦር ድንበር ጥሶ በገባ በሁለተኛው ወር፣ ኅዳር 1928 ላይ፣ እስር ቤት እንዳለ ሞተ።