ድል ያደኸየው ንጉሥ



ባለፈው የክፍል ለክፍል የእግር ኳስ ውድድር ቡድናችን ሁለት ለአንድ አሸንፎ ሲወጣ የጭፈራው ነገር አይነሣ። ይሁን እንጂ በረኛችን እጁ ተጎድቶ፣ ሁለቱ አጥቂዎቻችንም እያነከሱ ስለ ወጡ ለሚቀጥለው ግጥሚያ የሚሰለፍ ሰው ቸገረን። ከመምህራኖቻችን አንዱ ይህን አይተው ድላችንን የፒሩስ ድል ሲሉ ጠሩት። እኛም ሰው ሲስቅ አይተን ሳቅን። እውነቱን ለመናገር ግን ፒሩስ የሰው ስም ይሁን የአገር አናውቅም ነበር። ነገ ተማሪ ፊት የምንቆም ሰዎች ያልገባንን እንደ ገባን ሆነን መሳቃችን ማታ ላይ ስላሳፈረን በማግስቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት አመራን። ያገኘነውንም እነሆ አቅርበናል።

ፒሩስን ለማወቅ አስቀድሞ ዘመኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 ዓመት በባቢሎን ከተማ ሲሞት ገና 32 ዓመቱ ነበር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ ከልደት በፊት የሚቆጠሩ ናቸው።) ከመቄዶንያ እስከ ህንድ ዳርቻ የተዘረጋውን ግዛት ሊይዝ የሚችል ወራሽ አልተወም፤ የቀሩት አእምሮው ያልጠና ወንድሙና አባቱ ከሞተ በኋላ የተወለደው ሕፃን ልጁ ብቻ ነበሩ። የጦር አለቆቹ በመጀመሪያ የእነዚህ ጠባቂዎች ነን አሉ። ብዙ ሳይቆይ ግን ሁለቱም በየተራ ተገደሉ። ከ306 ጀምሮ ደግሞ አለቆቹ እየተከታተሉ ዘውድ ጫኑ፤ በጥሊሞስ በግብጽ፣ ሴሌውቆስ በባቢሎን፣ ሊሲማኮስ በትሬስ፣ ካሳንድሮስ በመቄዶንያ፣ አንድ ዓይናው አንቲጎኖስና ልጁ ድሜጥሮስ በእስያና በሶርያ ነገሡ። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ወዳጅ፣ ነገ ጠላት፣ ከነገ ወዲያ አማችና ምራት እየሆኑ አርባ ዓመት ያህል ተዋጉ። እንግዲህ ፒሩስ ያደገው በዚህ መካከል ነው።

የተወለደው በ319 ኤጲሮስ በተባለች ተራራማ አገር ነው። ኤጲሮስ በዛሬው አከፋፈል ሰሜን ምዕራብ ግሪክንና የአልባንያን ደቡባዊ ጫፍ ትይዛለች። ቤተሰቡ ነገሥታት ነበሩ፤ የእስክንድር እናት ኦሎምፒያስም ከዚሁ ቤት የተገኘች ናት። ሆኖም ፒሩስ ሁለት ዓመት ሲሆነው አባቱ ከዙፋን ተባረረና ሕፃኑን ታማኝ አገልጋዮች ይዘውት ሸሹ። ፕሉታርክ የተባለው የጥንት ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ሽሽተኞቹ ከአንድ የሞላ ወንዝ ዘንድ ደረሱ። መሽቷል፤ ወዲያ ማዶ ላሉት ሰዎች ቢጮኹም የውኃው ድምፅ አላሰማ አለ። ከሽሽተኞቹ አንዱ የዛፍ ልጣጭ አንሥቶ ችግራቸውንና የሕፃኑን ነገር በመርፌ ቁልፍ ጫፍ ጫረበት፤ በድንጋይ ጠቅልሎም ወደ ማዶ ወረወረው። እዚያ ያሉት አንብበው ዛፍ ቆረጡና አያይዘው አሻገሯቸው። የንጉሡን ነፍስ በመጀመሪያ ያዳነው ጦር ሳይሆን ጽሕፈት መሆኑን እኛ ዕጩ መምህራን ልብ ብለነዋል።

ሕፃኑን የተቀበለው የኢሊሪያው ንጉሥ ግላውኪያስ ነበር። እሱም ቢሆን ካሳንድሮስን ስለ ፈራ መጀመሪያ አመነታ። ሕፃኑ ግን እየዳኸ ሄዶ የልብሱን ጫፍ ይዞ ቆመ። ግላውኪያስ ሳቀ፤ ከዚያም አንጀቱ ተላወሰ፤ ልጁንም ከልጆቹ ጋር እንድታሳድገው ለሚስቱ ሰጣት። በኋላ ካሳንድሮስ 200 መክሊት እከፍላለሁና ልጁን አሳልፈህ ስጠኝ ብሎ ቢልክበት እምቢ አለ። ፒሩስ 12 ዓመት ሲሆነው ራሱ ግላውኪያስ ጦር አስከትሎ በአባቱ ዙፋን አስቀመጠው።

ዙፋኑ ግን አልጸናም። በ17 ዓመቱ ለሠርግ ወደ ኢሊሪያ በሄደበት አገሩ ሸፈተበትና ሌላ ዘመዱን ኔኦጵቶሌሞስን አነገሠ። ፒሩስም ወደ እህቱ ባል ወደ ድሜጥሮስ ተጠጋ። በ301 በፍርግያ ምድር ኢጵሶስ በተባለ ቦታ ነገሥታቱ ተሰብስበው ሲፋለሙ ከድሜጥሮስ ጎን ተሰልፎ በጀግንነት ተዋጋ፤ ወገኑ ግን ተሸነፈ፤ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሽማግሌው አንቲጎኖስም እዚያው ወደቀ። ከዚህ በኋላ ፒሩስ ለድሜጥሮስ መያዣ ሆኖ ወደ ግብጽ ተላከ። በዚያም በጥሊሞስ ወጣቱን ስለ ወደደው የሚስቱን ልጅ ዳረለት፤ ገንዘብና ጦር ሰጥቶም በ297 ወደ አገሩ መለሰው። ከኔኦጵቶሌሞስ ጋር በጋራ እንዲነግሡ ተስማምተው ነበር። ነገር ግን ፒሩስ ሊያስመርዘኝ አሲሯል የሚል ወሬ ደረሰውና ባልንጀራውን ግብዣ ጠርቶ ገደለው። በሕፃንነቱ ሰው የራራለት ልጅ እንዲህ ሆነ።

ፒሩስ ከዚያ ወዲህ ጦርነትን ሥራዬ ብሎ ያዘ። በ288 ከሊሲማኮስ ጋር ተባብሮ መቄዶንያን በፊት ካስጠለለው ከድሜጥሮስ እጅ ነጠቀ። የድሜጥሮስ ወታደሮች ራሳቸው ከድተው ወደ እሱ ስለ ገቡ ድሉ ደም እንኳ አላስፈለገውም። ይሁንና አገሩን ለሊሲማኮስ አካፍሎ በተቀመጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሊሲማኮስ ድርሻውን ቀምቶ አባረረው። አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይሏል ይኼ ነው።

በ281 በጣልያን አገር ደቡብ የምትገኘው የግሪኮች ከተማ ታሬንቱም ከሮማውያን ጋር ተጣልታ ና እርዳኝ ብላ ላከችበት። ፒሩስ ደስ አለው። በቤተ መንግሥቱ ኪኔያስ የሚባል የተማረ ሰው ነበር፤ ይህ ሰው በንግግሩ ብቻ የማረካቸው ከተሞች ንጉሡ በጦር ከማረካቸው እንደሚበልጡ ፒሩስ ራሱ ይመሰክርለት ነበር። ኪኔያስ ንጉሡ ሲዘጋጅ አይቶ ሮማን ካሸነፈ በኋላ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ጠየቀው። ፒሩስ ሲሲሊን እንደሚይዝ ነገረው። ከዚያስ? ሊቢያንና ካርቴጅን። ከዚያስ? መቄዶንያንና መላ ግሪክን። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላስ? ያን ጊዜ ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ በየቀኑ እየጠጣ እየተጨዋወተ እንደሚያርፍ መለሰ። ኪኔያስም ይህን ለማድረግ ዛሬስ ምን እንደሚከለክለው ጠየቀው። ፒሩስ ነገሩ ቅር አሰኘው እንጂ ከሐሳቡ አልተመለሰም። እኛ ይህን ስናነብ መጽሐፉን ዘግተን ጥቂት ዝም አልን።

በ280 ሃያ ዝሆኖች፣ 3,000 ፈረሰኛ፣ 20,000 እግረኛ፣ 2,000 ቀስተኛና 500 ወንጫፊ አሳፍሮ ባሕር ተሻገረ። በሄራክሊያ በተደረገው ውጊያ ሮማውያን ከዚያ በፊት ዝሆን በጦር ሜዳ ገጥመው ስለማያውቁ ፈረሶቻቸው በርግገው ተፈቱ፤ ድሉም የፒሩስ ሆነ። ዝቅተኛውን ቁጥር ብንወስድ ከሮማውያን 7,000፣ ከእሱ ወገን ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። የሞቱበት ግን ምርጥ አለቆቹና ወዳጆቹ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት በአስኩሉም እንደገና ገጠሙ። አሁንም አሸነፈ። ንጉሡ በጻፈው ማስታወሻ የራሱ ሙታን 3,505፣ የሮማውያን 6,000 ያህል ተብለው ተቆጠሩ። ሰዎች እንኳን ደስ ያለህ ሊሉት ሲመጡ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ቢያሸንፍ ፈጽሞ እንደሚጠፋ ነገራቸው። የፒሩስ ድል የሚባለው አነጋገር የወጣው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታየት አለበት። በቁጥር ብቻ ከሆነ እኮ ብዙ ሰው የሞተው ከሮማውያን ነው። ታዲያ ከሳሪው ፒሩስ የሆነው ለምንድን ነው? ሮማውያን ከገዛ ገበሬዎቻቸውና ከጣልያን ተባባሪዎቻቸው አዲስ ጦር ወዲያው ይሞሉ ነበር። ፒሩስ ግን የወደቀበትን ሰው የሚተካለት ባሕር ማዶ ነው ያለው። ስለዚህ እያሸነፈ ይመናመን ነበር።

ይህን ተረድቶ መታረም ሲገባው ሌላ ጥሪ መጣለት። የሲሲሊ ግሪኮች ከካርቴጅ አድነን አሉት። በ278 ተሻግሮ ደሴቲቱን በሙሉ ለመያዝ አንድ ምሽግ ብቻ እስኪቀረው ድረስ ድል አደረገ፤ በኤሪክስ ከተማም ቅጥሩ ላይ የወጣው የመጀመሪያው ሰው ራሱ ንጉሡ ነበር። ነገር ግን አፍሪካን ለመውረር መርከብ ያስፈልገኛል ብሎ ሕዝቡን በግድ ለቀዘፋ ያስመዘግብና ያስጨንቅ ጀመር። ነፃ አውጪያችን ብለው የጠሩት ሰዎች ራሳቸው ጠሉት። ወደ ጣልያን ተመልሶ በ275 ቤኔቬንቱም ላይ ከሮማውያን ጋር ቢገጥም አልቀናውም። ከስድስት ዓመት በኋላ በታሬንቱም ጥቂት ጦር ትቶ 8,000 እግረኛና 500 ፈረሰኛ ብቻ ይዞ አገሩ ገባ። ለእነሱም የሚከፍለው ደመወዝ አልነበረውም። ወታደር የሚበላው ሲያጣ ደግሞ ሌላ ጦርነት ይፈለጋል። በዚህ ምክንያት በ274 የድሜጥሮስን ልጅ አንቲጎኖስን ወግቶ መቄዶንያን ያዘ። ቅጥር ወታደሮቹ የመቄዶንያን ነገሥታት መቃብር ቆፍረው ወርቁን ሲዘርፉና አጥንቱን ሲበትኑ ዝም አለ። አንቲጎኖስ ፒሩስን መልካም ዕጣ እየወጣለት መጠቀም እንደማያውቅ ቁማርተኛ ነው ያለው ያለ ምክንያት አይደለም።

የያዘውን ሳያደላድል በ272 ወደ ስፓርታ ዘመተ። የስፓርታ ተዋጊዎች አብዛኞቹ ከአገር ውጭ ነበሩ። ሴቶቹን ለደኅንነታቸው ወደ ቀርጤስ እንላካቸው ቢባል እነሱ እምቢ አሉ፤ ለውጊያ የተዘጋጁት ወንዶች እንዲያርፉ ብለው ከሽማግሌዎች ጋር ሌሊቱን ሙሉ ምሽግ ሲቆፍሩ አደሩ። ስፓርታ አልተያዘችም። ፒሩስም ወደ አርጎስ ከተማ ፊቱን አዞረ፤ በመንገድ ላይ ልጁ ተገደለበት።

አርጎስ በሌሊት ገባ። የከተማው በር ለዝሆኖቹ ዝቅ ስላለ በጀርባቸው ያለውን የእንጨት ማማ ማውረድና እንደገና መጫን አስፈለገ፤ በዚህ መካከል ከተማው ነቃ። ሲነጋ በጠባቡ ጎዳና የሚገባውና የሚወጣው ጦር ተጨናነቀ። አንድ ዝሆን በሩ ላይ ወድቆ መንገዱን ዘጋ። ኒኮን የተባለው ሌላ ዝሆን ደግሞ የወደቀ ጌታውን ፍለጋ ወዳጅ ጠላት ሳይለይ እየረገጠ ሄደ፤ አግኝቶትም አስከሬኑን በኩምቢው አነሣው። በዚህ ግርግር አንድ የአርጎስ ሰው ፒሩስን በጦር ወጋው። ቁስሉ ቀላል ነበር፤ ንጉሡም ወደ ሰውየው ዞረ። የሰውየው እናት ግን ድኻ አሮጊት ነበረች፤ ከሌሎች ሴቶች ጋር በጣራ ላይ ሆና ትመለከት ነበር። ልጇ በንጉሡ እጅ ሊሞት መሆኑን ስታይ የጣራውን ሸክላ በሁለት እጇ ነቅላ ወረወረችበት። ሸክላው ከራስ ቁሩ በታች አንገቱን መታው፤ ዓይኑ ጨልሞ ከፈረሱ ወደቀ። የአንቲጎኖስ ወታደሮች ደርሰው ራሱን ቆረጡት። ዕድሜው 47 ዓመት ያህል ነበር። አንቲጎኖስ ራሱን ይዞ የመጣለትን የገዛ ልጁን በበትር መታው፤ ፊቱን ሸፍኖም አለቀሰ። በጦርነት የሞቱትን አያቱንና በግዞት ያለፈውን አባቱን አስታውሶ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ድል ምን ተረፈ? ታሬንቱም ፒሩስ በሞተበት ዓመት በሮማውያን እጅ ገባች። በ167 ደግሞ ሮማውያን በኤጲሮስ ሰባ ከተሞች ዘርፈው 150,000 ሰው ለባርነት ነዱ። ፒሩስ በጦር ጥበብ ትልቅ ሰው እንደ ነበር ጠላቶቹም አይክዱም፤ የካርቴጁ ሐኒባል ከታላላቅ የጦር አለቆች አንዱ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ያላወቀው ነገር ለምን እንደሚያሸንፍ ነው። ኪኔያስ ይህንኑ ቢጠይቀውም መልስ አልነበረውም።

እኛም ነገ ታሪክ ስናስተምር በጥቁር ሰሌዳው ላይ ማን አሸነፈ ብለን ጽፈን ብቻ ማለፍ የለብንም። ማን ከፈለ፣ ምንስ ተገኘ የሚለውንም ተማሪው ይጠይቅ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የነገሥታቱ ስም በሙሉ ተጽፎ ደርሶናል፤ የዝሆኑ ስም እንኳ ኒኮን መሆኑ ታውቋል። ልጇን ለማዳን ሸክላውን የወረወረችውን የዚያችን አሮጊት ስም ግን ብንፈልግ ብንፈልግ አላገኘንም።

ለነገሩ የሚቀጥለውን ግጥሚያ ሦስት ለባዶ ተሸንፈናል።