ኤድዋርድ ሩፔል፦ የጣናን ዓሦች በመዝገብ ያሰፈረው መንገደኛ

የዘንድሮው መገናኛችን ጉለሌ ነው። ከጉለሌ ጀርባ ያለው የእንጦጦ ሸንተረር ዝናቡን ለሁለት እንደሚከፍለው መቼም አልረሳነውም፤ በደቡብ የወረደው ወደ አዋሽ፣ በሰሜን የወረደው ወደ ዓባይ ይሄዳል። ዓባይ ካልን ጣና አለ። ጣና ካልን ደግሞ እኛ የባዮሎጂ ልጆች ከዓሦቹ ስም ኋላ ስናነበው የኖርነው ሩፔል አለ። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤድዋርድ ሩፔል በ1794 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ተወለደ። ቤተሰቡ ያሰበለት ንግድ ነበር። ግብፅንና ሲናን ካየ በኋላ ግን ልቡ ሸፈተ፤ ጣሊያን ሄዶ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማረ። በ1820ዎቹ በኑብያና በቀይ ባሕር ዞረ፤ በ1831 ደግሞ በምፅዋ በኩል ወደ እኛ መጣ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ስለነበር መንገዱ እንዲህ የዋዛ አልነበረም። በትግራይና በስሜን አልፎ ጎንደር ገባ፤ በ1833 ተመለሰ። ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ያስመዘገበው እሱ ነው።

በ1835 ደግሞ የጣናን ዓሦች ገለጸ። እነዚህ ክንፋቸው በቀጫጭን ዘንጎች የተወጠረ፣ ከዛሬዎቹ ዓሦች አብዛኛውን ቁጥር የሚይዘው ታላቅ ወገን አባላት ናቸው። ላቤኦባርበስ የሚለውን የወገን ስም ያወጣው ሩፔል ነው። ነጅያ ያለው ወፍራም ሥጋማ ከንፈር አለው። ቤሶ ያለው በስለታም የታች መንጋጋው ከድንጋይ ላይ አረንጓዴውን ይፍቃል። በደንቢያ ስም የጠራው ትንሹ ጋራ ደግሞ ከአፉ ሥር መጣበቂያ አለው። አንድ ሐይቅ ውስጥ ይህን ያህል ዓይነት አፍ!

ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በጣና 15 ገደማ የላቤኦባርበስ ዝርያዎች ቆጠሩ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ነጥሏቸዋል። የሚገርመው፣ መንጋጋቸው ጥርስ የለውም፤ የሚያደቅቁት በጉሮሯቸው ጥርስ ነው፤ ጨጓራም የላቸውም። እንዲያም ሆኖ ስምንቱ ዓሣ በል ሆነዋል።

ሩፔል በ1839 ከለንደኑ የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ተቀበለ። በኋላ ወደ ጥንታዊ ሳንቲሞች ጥናት አዘነበለ፤ በ1884 በ90 ዓመቱ በተወለደበት ከተማ አረፈ። ከአገራችን የወሰዳቸው የብራና መጻሕፍትና የእንስሳት ናሙናዎች እዚያው ፍራንክፈርት ቀሩ።

ታዲያ ሰውየውን ስናመሰግን ሁለት ነገር አንርሳ። አንደኛ፣ ዋልያና ጭላዳ የሚሉት ቃላት የእሱ አይደሉም፤ ያገሬው ሰው ቃላት ናቸው። በመዝገቡ ላይ የሩፔል ስም አለ፤ ቃሉን የሰጡት ሰዎች ስም ግን የለም። ሽብሩ ተድላ በ1973 የኢትዮጵያን የንጹሕ ውኃ ዓሦች በመጽሐፍ ሲያወጡ ሥራው ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የሚያሳስበው ነው። ብዙዎቹ ላቤኦባርበሶች በክረምቱ መጨረሻ ለመራባት ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ በወንዙ አፍ ሲሰበሰቡ መረቡ ይጠብቃቸዋል። በ1990ዎቹ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ። ፍራንክፈርት ያሉት ናሙናዎች ከ190 ዓመት በኋላም አሉ፤ ጣና ያሉት እንዲቆዩ ማድረግ ግን የእኛና የተማሪዎቻችን ድርሻ ነው።