ኒኮ ቲንበርገንና የባሕር ዳር ወፎች

በ1973 የፊዚዮሎጂና የሕክምና የኖቤል ሽልማት ለሦስት ሰዎች በተሰጠ ጊዜ በሕክምናው ዓለም የተገረመው ሰው ጥቂት አልነበረም። ተሸላሚዎቹ መድኃኒት አልቀመሙም፤ የቀዶ ጥገና ጥበብም አላሻሻሉም። ካርል ፎን ፍሪሽ የንቦችን ጭፈራ፣ ኮንራድ ሎሬንዝ የዝይዎችን ጠባይ ሲያጠኑ የኖሩ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ኒኮላስ ቲንበርገን ደግሞ የዕድሜያቸውን ትልቅ ክፍል በባሕር ዳር አሸዋ ላይ፣ ከሸራ በተሠራች ጠባብ መደበቂያ ውስጥ ተቀምጠው ወፎችን በመመልከት ያሳለፉ ሰው ነበሩ። ከሦስቱ መካከል ለመሐንዲስ አእምሮ ይበልጥ የሚቀርቡት እኚህ ሦስተኛው ናቸው፤ ያገኙትን ሁሉ ያገኙት በካርቶን፣ በቀለም፣ በእንጨትና በትዕግሥት ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቲንበርገን አፕሪል 15 ቀን 1907 በሆላንድ፣ በዘ ሄግ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የደች ቋንቋና የታሪክ መምህር ነበሩ፤ ከአምስቱ ልጆች እሳቸው ሦስተኛው ናቸው። ታላቅ ወንድማቸው ያን ፊዚክስ ተምረው ወደ ኢኮኖሚክስ ከዞሩ በኋላ በ1969 የመጀመሪያውን የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከኖርዌዩ ራግናር ፍሪሽ ጋር ተካፍለዋል። ታናሽ ወንድማቸው ሉክም በወፎች ጥናት ስማቸው የታወቀ ነው። ኒኮ ግን በወጣትነታቸው ለመጽሐፍ የሚጓጉ ተማሪ አልነበሩም። ልባቸው በሆኪ ጨዋታና ከከተማው ዳር ጀምሮ በተዘረጋው የአሸዋ ኮረብታ ላይ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ዩኒቨርሲቲ ስለ መግባት እንኳ አመንትተው ነበር። ይሁን እንጂ በ1925 በምሥራቅ ፕሩሲያ ወደሚገኘው የሮሲተን የወፎች ጥናት ጣቢያ ሄደው፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ተጓዥ ወፎች በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ሲያልፉ ከተመለከቱ በኋላ ቁርጥ ሐሳብ ያዙ፤ ተመልሰውም በላይደን ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ መማር ጀመሩ።

ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት ንብ እያደነች ልጆቿን የምትመግብ አንዲት ተርብ፣ በአሸዋው ላይ ካሉት ብዙ ጉድጓዶች መካከል የራሷን እንዴት እንደምትለይ የሚመረምር ነበር። በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ የጥድ ፍሬ በክብ ይደረድራሉ፤ ተርቧ ለአደን ስትወጣ ክቡን እንዳለ ወደ ጎን ያዛውሩታል። ተርቧም ስትመለስ የምታርፈው ጉድጓዷ ካለበት ሳይሆን የጥድ ፍሬው ከተደረደረበት ቦታ ነበር። የሙከራው መሣሪያ ይኸው ብቻ ነው። ጽሑፉም 32 ገጽ ብቻ ስለ ነበር ለዶክትሬት እጅግ አጭር የሚባል ነው፤ ጸሐፊውን የሚያስቸኩል መንገድ ከፊታቸው ነበረና።

በዚያው በ1932 ኤሊዛቤት ሩተንን አግብተው፣ ለዓለም አቀፉ የዋልታ ዓመት ጥናት ከተሰማራው የሆላንድ ቡድን ጋር ወደ ምሥራቅ ግሪንላንድ፣ ወደ አንግማግሳሊክ ተጓዙ። ሁለቱ ሙሽሮች ከአንድ ዓመት በላይ በኢኑዊት ሕዝብ መካከል ኖሩ። እዚያ ካጠኗቸው ወፎች አንዷ ፋላሮፕ የምትባል ትንሽ የውኃ ዳር ወፍ ናት። በዚህች ወፍ ዘንድ ነገሩ ሁሉ የተገለበጠ ነው፤ ደማቅ ላባ ያላት ሴቷ ናት፤ ወንዱን የምታባብለውም ሴቷ ናት፤ እንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩቶቹን የሚጠብቀው ግን ወንዱ ነው። ቲንበርገን ያዩትን ሁሉ በየዕለቱ መዝግበው በ1935 አሳተሙት።

ወደ ላይደን ተመልሰው ማስተማር በጀመሩባቸው ዓመታት ሥራቸው በሁለት ቦታ የተከፈለ ነበር። በቤተ ሙከራው ስቲክልባክ የሚባሉትን ትናንሽ ዓሦች ያጠናሉ። በመራቢያ ወራት ሆዱ የሚቀላው ወንድ ዓሣ፣ ከሥር ቀይ የተቀባ ማናቸውንም ቁራጭ እንደ ተቀናቃኝ ቆጥሮ ይወጋ ነበር፤ ቀይ የፖስታ መኪና በመስኮቱ ውጭ ሲያልፍ እንኳ በገንዳው ውስጥ ያሉት ዓሦች ወደዚያ አቅጣጫ ይንደረደሩ እንደ ነበር በሰፊው የታወቀ ነው። ሌላው ቦታ የባሕሩ ዳር ነበር። በ1936 ከኦስትሪያዊው ሎሬንዝ ጋር በላይደን ተዋወቁ፤ በማግሥቱም ዓመት ወደ አልተንበርግ ሄደው፣ ዝይ ከጎጆዋ የወጣ እንቁላል በመንቁሯ እያንከባለለች እንዴት እንደምትመልስ አብረው መረመሩ። አንደኛው ሐሳብ አፍላቂ፣ ሌላው ሐሳቡን በሙከራ ፈታኝ ስለ ነበሩ እጅግ ተስማሙ። ኦይስተርካቸር የተባለው፣ ረጅም ቀይ መንቁር ያለው የባሕር ዳር ወፍ ደግሞ ከዚህ የባሰ አስገራሚ ነገር አሳይቷል። ከራሱ እንቁላል አጠገብ እጅግ ግዙፍ የሆነ ሰው ሠራሽ እንቁላል ሲቀመጥለት፣ የራሱን ትቶ በማይችለው እንቁላል ላይ ለመቀመጥ ይታገል ነበር። ወፉ የሚከተለው እንቁላልን ሳይሆን የእንቁላልን ምልክት መሆኑ፣ ምልክቱ ሲጋነንም ከእውነተኛው የበለጠ እንደሚስበው በዚህ ታወቀ።

ይህ ሁሉ በጦርነቱ ተቋረጠ። ጀርመኖች በ1940 ሆላንድን ከያዙ በኋላ አይሁድ የሆኑ መምህራንን ከዩኒቨርሲቲው አገዱ። የሕግ ፋኩልቲው ዲን ክሌቨሪንጋ በኖቬምበር 26 በአደባባይ ተቃውሟቸውን አሰሙ፤ ተማሪዎቹ አደሙ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በ1942 አብዛኞቹ የላይደን መምህራን ሥራቸውን በፈቃዳቸው ሲለቁ ቲንበርገንም አብረው ለቀቁ። ልጆች ላሉት ሰው ደመወዝ መተው ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት ተይዘው በሲንት ሚኪልስኸስትል መንደር በሚገኝ የካህናት ትምህርት ቤት ከሌሎች ታዋቂ ሆላንዳውያን ጋር መያዣ ተደርገው ታሰሩ። መያዣ ማለት አርበኞች በጀርመኖች ላይ ጉዳት ባደረሱ ቁጥር የሚረሸን ሰው ማለት ነው፤ በኦገስት 1942 ከእነዚህ መያዣዎች አምስቱ ተረሽነው ነበር። ቲንበርገን በዚህ ሥጋት ሁለት ዓመት ቆዩ። ለልጆቻቸው በሥዕል የታጀበ የአንድ የባሕር ወፍ ታሪክ እየጻፉ ይልኩ ነበር፤ ይህም ከጦርነቱ በኋላ በመጽሐፍ መልክ ታተመ።

በዚያን ጊዜ ወዳጃቸው ሎሬንዝ በተቃራኒው ወገን ነበሩ። በ1938 የናዚ ፓርቲ አባል ሆኑ፤ በ1940 በኮኒግስበርግ የፕሮፌሰርነት ወንበር አገኙ፤ በኋላም በሐኪምነት ዘምተው በሶቪየቶች እጅ ተማረኩ። ሁለቱ ሰዎች ዳግመኛ የተገናኙት በ1949 በካምብሪጅ፣ በእንግሊዛዊው ተመራማሪ ቶርፕ ቤት ነው። ታርቀውም በኖቤሉ መድረክ አብረው ቆሙ። ዕርቁ ያለፈውን ፋቀው ማለት ግን አይደለም።

ከእስር በኋላ ቲንበርገን ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሱ፤ ሄሪንግ ጋል የተባለችው ትልቋ ነጭ የባሕር ወፍም የዋናው ጥናታቸው ማዕከል ሆነች። የዚህች ወፍ መንቁር ቢጫ ሲሆን በታችኛው ክፍል ላይ ቀይ ነጥብ አለበት። ጫጩቱ ያንን ነጥብ ሲነክስ ወላጁ የዋጠውን ምግብ አውጥቶ ያጎርሰዋል። ጫጩቱ የሚያየው ወላጁን ነው ወይስ ነጥቡን? ቲንበርገንና ረዳቶቻቸው ከካርቶን የወፍ ራስ እየቆረጡ፣ የራሱን ቀለም፣ የመንቁሩን ቅርጽ፣ የነጥቡን ቀለም አንድ በአንድ እየለዋወጡ ለጫጩቶች አሳዩ፤ ስንት ጊዜ እንደ ነከሱም ቆጠሩ። የራሱ ቀለም ዋጋ የለውም ማለት ይቻል ነበር፤ የነጥቡ ቀለምና ከመንቁሩ ጎልቶ መታየቱ ግን ወሳኝ ሆኖ ተገኘ። ጫፉ ላይ ሦስት ነጭ ቀለበት የተቀባ ቀጭን ቀይ ዘንግ፣ ወፍ የማይመስል ሆኖ ሳለ፣ ከእውነተኛ ራስ አስመስለው ከሠሩት የበለጠ ተነከሰ።

በ1947 በላይደን ሙሉ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በ1949 ግን ይህን ማዕረግ ትተው በአሊስተር ሃርዲ ግብዣ በኦክስፎርድ በአነስተኛ መምህርነት ተቀጠሩ። ዓላማቸው የእንስሳት ጠባይ ጥናትን እንግሊዝኛ ተናጋሪ በሆነው ዓለም መትከል ነበር። በዚያም ዴዝሞንድ ሞሪስ፣ ኦብሪ ማኒንግ፣ ሪቻርድ ዶኪንስና ሌሎች ብዙዎች ከእጃቸው ወጡ።

ከኦክስፎርድ ዘመን ሥራቸው ከሁሉ የሚልቀው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በራቨንግላስ የአሸዋ ዳርቻ በራሰ ጥቁሩ ጋል ላይ የተደረገው ነው። (ይህ ዝርያ በአውሮፓ የብርድ ወራት በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርም ይታያል፤ ያን ጊዜ ግን የራሱ ላባ ስለሚነጣ በስሙ የሚፈልገው ሰው ላያገኘው ይችላል።) ወፉ ጫጩቱ ከተፈለፈለ በኋላ ባዶውን ቅርፊት በመንቁሩ አንሥቶ ርቆ ይጥለዋል። ሥራው በዓመት ከጥቂት ደቂቃዎች አይበልጥም። ይህን የሚያህል ኢምንት ነገር ምን ይረባል ብሎ ሌላ ሰው ባለፈው ነበር። ቲንበርገን ግን ወላጁ ጎጆውን ጥሎ በሚሄድባቸው በእነዚያ ደቂቃዎች ጫጩቱ ለአደጋ ስለሚጋለጥ፣ ጥቅሙ ከጉዳቱ መብለጥ አለበት ብለው ገመቱ። የቅርፊቱ ውጭ የአሸዋና የሣር መልክ ሲኖረው ውስጡ ነጭ ነው። እንግዲህ 450 እንቁላሎች በአሸዋው ላይ ተበትነው በሦስት ተከፈሉ፤ ለአንደኛው ክፍል የተሰበረ ቅርፊት በ15፣ ለሁለተኛው በ100፣ ለሦስተኛው በ200 ሳንቲሜትር ርቀት ተቀመጠ። ቁራና ሌሎች ቀማኞች መጥተው ከመጀመሪያው 42፣ ከሁለተኛው 32፣ ከሦስተኛው 21 በመቶ ወሰዱ። ቅርፊቱ ለሌባ መንገድ ጠቋሚ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ወፉ ስለምን ወዲያው አይጥለውም? ራሰ ጥቁሩ ጋል ጫጩቱ እስኪደርቅ አንድ ሰዓት ያህል ይጠብቃል። ምክንያቱም ጎረቤቶቹ ናቸው፤ በዚያ በተጨናነቀ የወፍ ሰፈር ውስጥ ያልደረቀ ጫጩት በጎረቤት ወፍ ሊዋጥ ይችላል፤ ላባው ደርቆ ከተነፋ ግን ለመዋጥ ያስቸግራል። ለብቻው የሚራባውና የሚፈራው ጎረቤት የሌለው ኦይስተርካቸር ቅርፊቱን ሳይዘገይ ይጥላል። ኤስተር ከለን በፋርን ደሴቶች ያጠናቻት ኪቲዌክ ደግሞ ቀማኛ በማይደርስበት ገደል ላይ ስለምትኖር ቅርፊቱን ከነጭራሹ አትጥልም። አንዲት የጠባይ ቅንጣት የቦታን፣ የጎረቤትንና የጠላትን ጫና እንዴት አመዛዝና እንደምትይዝ ከዚህ ጥናት አብልጦ ያሳየ ሥራ በጊዜው ማግኘት ያዳግታል። በ1963 የጻፉት፣ ስለ አንድ ጠባይ መነሻ ምክንያቱን፣ ከልጅነት ጀምሮ የሚያድግበትን መንገድ፣ ለሕይወት የሚሰጠውን ጥቅምና የዝርያውን የኋላ ታሪክ ለይቶ መጠየቅ ይገባል የሚለው ጽሑፋቸውም እስከ ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎች ይማሩበታል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የመንፈስ ጭንቀት በተደጋጋሚ ያጠቃቸው ነበር። ከባለቤታቸው ጋር ኦቲዝም ወዳለባቸው ልጆች ጥናት ዞረው በ1983 መጽሐፍ አወጡ፤ ችግሩም በአብዛኛው ከልጅና ከእናት ግንኙነት መናጋት የሚመነጭ አድርገው አቀረቡት። የሙያው ሰዎች አልተቀበሉትም፤ ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምርም አልደገፈውም። ለአንድ የወፍ ቅርፊት 450 እንቁላል የደረደሩ ሰው በሰው ልጅ ጉዳይ ያለዚያ ጥንቃቄ መፍረዳቸው ያሳዝናል፤ ሸክሙ በእናቶች ላይ ወድቋልና። ዲሴምበር 21 ቀን 1988 በኦክስፎርድ አረፉ።

ከሞቱ ከሃያ ዓመት በኋላ የሄሪንግ ጋል ጫጩቶች ሙከራ እንደ ገና ተነሣ። የላይደኑ ተመራማሪ ካሬል ተን ካቴ የመጀመሪያዎቹን መዝገቦች ሲመረምሩ፣ በጥሬው ቁጥር ይበልጥ የተነከሰው ቀዩ ሳይሆን ጥቁሩ ነጥብ ሆኖ አገኙት። ባለ ቀይ ነጥቡ ራስ ለማነጻጸሪያ ሲባል ከሌሎቹ እጅግ አብዝቶ ስለ ታየ ጫጩቶቹ ሰልችተውት ነበር። ቲንበርገን ይህን ስሕተት ተረድተው ቁጥሩን በስሌት አስተካክለዋል፤ ነገር ግን በኋላ በጻፏቸው መጻሕፍት እርማቱ ሳይብራራ ውጤቱ ብቻ እየቀረበ ሄደ። ተን ካቴና ባልደረቦቻቸው ሁሉም ነጥቦች እኩል እንዲታዩ አድርገው ሙከራውን ደገሙ፤ ውጤቱም በ2009 ታተመ። ጫጩቶቹ ከጥቁሩ ይልቅ ቀዩን አብዝተው ነከሱ።