ከሩቅ ደሴት የተላከ ደብዳቤ፤ የአልፍሬድ ዋላስ ሕይወት

ስለ ሕያዋን ፍጥረት መለዋወጥ በተነገረ ቍጥር የቻርልስ ዳርዊን ስም ይነሣል። እኛ ግን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ያንኑ ሐሳብ ለብቻው የደረሰበትን አልፍሬድ ረስል ዋላስን ነው። ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ዋላስ በ1823 ዓ.ም. በዌልስ አገር ተወለደ። ቤተ ሰቡ ገንዘብ ስላጠረው በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ከታላቅ ወንድሙ ጋራ መሬት በመለካት ሥራ ተሰማራ። በ1848 ወደ አማዞን ወንዝ ሄዶ አራት ዓመት ነፍሳትና ወፎች ሲሰበስብ ቈየ። በ1852 ሲመለስ የተሳፈረባት መርከብ በውቅያኖስ መካከል ተቃጠለች፤ የድካሙም ፍሬ አብዛኛው ከርሷ ጋራ ጠፋ። እርሱ ራሱ በጀልባ ላይ ዐሥር ቀን ተንገላቶ ነው የተረፈው። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ወዲያ ከቤቱ ባልወጣ ነበር። ዋላስ ግን በ1854 ዛሬ ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ ወደምንላቸው ደሴቶች ተጓዘ፤ በስምንት ዓመትም ከ125,000 የሚበልጥ ናሙና ሰበሰበ። የሚተዳደረውም ከዚሁ ሽያጭ በሚያገኘው ገንዘብ ነበር።

በ1858 መጀመሪያ ንዳድ ይዞት ተኝቶ ሳለ፥ ቀድሞ ያነበበው የማልቱስ መጽሐፍ ትዝ አለው። ማልቱስ የሰው ቍጥር ከምግቡ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያድግ፥ ረኀብና በሽታም እንደሚገቱት ጽፎ ነበር። ዋላስ ነገሩ በእንስሳትም ላይ እንደሚሠራ አስተዋለ። ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ብዙዎቹ ሳያድጉ ይሞታሉ። ነገር ግን ሁሉም አንድ ዐይነት አይደሉም፤ አንዱ ፈጣን ነው፥ የሌላው ቀለም ከቅጠሉ ጋራ ተመሳስሎ ከጭልፊት ዐይን ይሰውረዋል። እንዲህ ያለው የመትረፍ ዕድሉ ስለሚበዛ ጠባዩን ለልጆቹ ያወርሳል፤ ይህም በብዙ ሺህ ትውልድ ሲደጋገም ዘሩ ከጥንቱ ይለያል። ብዙ ተማሪዎች እንስሳው ራሱ ፈልጎ የሚለወጥ ይመስላቸዋል፤ እንዲህ አይደለም። ግለሰቡ እንደ ተወለደ ይኖራል፤ የሚለወጠው በወገኑ መካከል የየጠባዩ ብዛት ነው።

ዋላስ ይህን ጽፎ ለዳርዊን ላከ። ዳርዊን ደነገጠ፤ ሃያ ዓመት ያህል ይዞት ሳያሳትመው የቈየው ሐሳብ ነበርና። ደብዳቤውን ሸሽጎ የራሱን ማሳተም ሲችል አላደረገውም፤ ወዳጆቹን ላየልንና ሁከርን አማከረ። የሁለቱም ጽሑፍ ጁላይ 1 ቀን 1858 በለንደን በሊኒየን ማኅበር ተነበበ። ዳርዊን ሕፃን ልጁ ሞቶበት ሐዘን ላይ ስለ ነበረ አልተገኘም። ዋላስማ በሩቅ ደሴት ሆኖ ፈቃዱን እንኳ የጠየቀው አልነበረም። ይህ አሠራር በእኛ አስተያየት ከነቀፋ አያመልጥም፤ እርሱ ግን ቅር አልተሰኘም፤ እንዲያውም በ1889 ስለዚሁ ትምህርት ያሳተመውን መጽሐፍ ዳርዊኒዝም ብሎ ሰየመው። በአንድ ነገር ግን ከዳርዊን ተለየ፤ የሰው አእምሮ በተፈጥሮ ምርጫ ብቻ ተገኘ ማለትን አልተቀበለም።

ገንዘቡን ባልቀና ንግድ ላይ አውሎ በተቸገረ ጊዜ፥ ለመንግሥት ለምኖ በ1881 በዓመት 200 ፓውንድ ጡረታ ያሰጠው ዳርዊን ነው። ዋላስ በ1913 በ90 ዓመቱ ሞተ።